ወንድሜ አረቄ ያቆመ ሰሞን

ወንድሜ አድማሱ ሊሞት የነበረው አረቄ ሲጠጣ ሳይሆን አረቄ ሲያቆም ነው። ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። እኔም ያን ክረምት በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ያኔ የምኖረው ወረታ ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ብለው ካሉት የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በአንዱ ሩዝ አበጥራለሁ፤ ጠጠሩን እለቅማለሁ። ከተከራየሁት ግቢ ጎን አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። ከመጠጥና ከጫት ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በሩ ላይ ታፔላ አለው፤ በታፔላው ስም የሚጠራው ግን የለም። ከተማው በሙሉ «የውሃ ጠጭዎች ቤት» ነው የሚለው። ስሙ ለፌዝ የወጣ ነው፤ ኋላ ግን አባላቱ ራሳቸው ወደዱት።

ሰብሳቢው ጋሽ ታከለ ይባላሉ። የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። መጠጡ ሥራቸውንም ትዳራቸውንም ወስዶ የተወላቸው ትልቅ ድምፅና ትልቅ ሳቅ ብቻ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ «እናኑ፣ ነይ ግቢና ውሃ ጠጭ!» ይሉኛል። እኔም ስቄ አልፋለሁ። አንድ ቀን ስለ ወንድሜ ሳጫውታቸው «ራሱ ልተው ሲል ደውይልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም።

ቤተሰቦቼ ያሉት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይሆናል፤ ሰዉም ከብቱም ጉብታ ጉብታው ላይ ይሰፍራል። በዚያ ዓመት ነሐሴ ሲብት የመፈልፈያው ሥራ ስለቀዘቀዘ ፍልሰታን ከእናቴ ጋር ልጹም ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ስደርስ አድማሱን በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ታጥቧል፤ ጋቢው ነጭ ነው፤ አፉ አረቄ አይሸትም። ሚስቱ መጠጡ ሲመራት ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ከርማለች።

«ለእመቤታችን ተስያለሁ» አለኝ። «ከፍልሰታ ወዲህ በአፌ አይዞርም። ልጆቼ ይመጡልኛል።»

ወንድሜ ለዓመታት ጠዋት ዓይኑን ከገለጠበት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው ነበር። እናቴ በደስታ እልል አለች። እኔም አቅፌ ሳምኩት። አንገቱ በላብ ርሶ ነበር፤ ቀኑ ግን ብርዳም ነው። ያን ጊዜ ልብ ያልኩት ነገር የለም።

በማግሥቱ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቆሎ ዘግኖ ወደ አፉ ሳያደርስ ይበተንበታል። እንቅልፍም ጠፋው። እናቴ «እየወጣለት ነው፤ ክፉው እየለቀቀው ነው» ትላለች። እሱም ጥርሱን ነክሶ «አይዞሽ እማየ፣ እችለዋለሁ» ይላታል። ሌሊቱን ዝናቡ ሳያባራ አደረ።

ሲነጋ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሶ ነበር። በር ከፍቼ ስወጣ የሩዝ ማሳችን የለም፤ መንገዱም የለም። ከጉብታችን እስከ ሩቁ ጉብታ ድረስ ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። ላሞች ከዚያም ከዚህም ይጮኻሉ። ወደ ቤት ስመለስ አድማሱ ጋቢው ላይ የሌለ ነገር ሲለቅም አየሁት። በጣቱ ቆንጠር ያደርግና ይጥላል፤ ቆንጠር ያደርግና ይጥላል።

«ምንድን ነው የምትለቅመው?»

«ዝም በይ!» አለኝ። ዓይኑ ፈጦ ግድግዳውን ያያል። «በሬዎቹ ገቡ እኮ። ማን አስገባቸው? ምድጃውን ሊረግጡት ነው!»

በሬ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ «ሃይ!» ብሎ ሲነሳ ወገቡ እንደ ደጋን ተለጠጠና በጀርባው ወደቀ። መላ አካሉ ይንፈራገጣል፤ ዓይኑ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ቀርቷል፤ ካፉ አረፋ ይወጣል። እናቴ «ልጀን! ልጀን!» እያለች ደረቷን ደቃች። ጩኸቱን ሰምቶ አጎቴ ሞላ ሮጦ ገባ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ቤቱ እዚያው ጉብታ ላይ ከእኛ ጓሮ ነው። ወዲያው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘበት። አድማሱ ቆይቶ ጸጥ አለ፤ ይተነፍሳል፤ የሚሰማ ግን አይመስልም።

«ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» አለ አጎቴ። «በመጫኛ እንሰረው። ውሃው ጎደል ሲል ጠበል እንወስደዋለን።»

«እስኪጎድል ስንት ቀን ነው፣ አጎቴ?»

«እኔ እንጃ! እግዜር ያውቃል እንጅ።»

ጋሽ ታከለ ትዝ አሉኝ። ስልኬን ይዤ ወጣሁ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ የሚገኘው ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነ የሩዝ ገለባው ክምር ላይ ወጣሁ። ገለባው በዝናብ ርሶ ያንሸራትታል። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ደወልኩ፤ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ።

«አቤት እናኑ!» አሉ በዚያ በትልቅ ድምፃቸው።

የሆነውን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ።

«ከጠጣ ስንት ቀኑ ነው?»

«የፍልሰታ ዋዜማ ነው ያቆመው። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ።»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሽ ታከለ? ጋሽ ታከለ?» አልኩ።

«አለሁ። ስሚኝ። ሰይጣንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም። አካሉ አረቄውን ለምዶ ድንገት ሲያጣው ነው። እንዳታስሩት። ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪቱንም ተዉት። ዛሬውኑ ሐኪም እጅ ካልገባ ልናጣው እንችላለን፤ አልዋሽሽም።»

«አምቡላንስ…»

«ቢመጣ አስፋልቱ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ነው። በይ እኔው መጣሁ። የየትኛው ጉብታ…»

ስልኩ ጠፋ። የየትኛው ጉብታ ሰዎች እንደሆንን ሳልነግራቸው ጠፋ። ተንበርክኬ አራገፍኩት፤ ደጋግሜ አበራሁት፤ አልሆነም። እዚያው ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሜዳው ላይ ጉብታው ብዙ ነው። የት ብለው ይፈልጉናል?

ስመለስ አጎቴ በአንድ እጁ መጫኛ፣ በሌላው ጠርሙስ ይዞ ቆሟል።

«ወይ ይታሰር፤ ወይ አንድ መለኪያ ይቅመስና ይርጋ። አንዱን ምረጡ።»

እናቴ ጠርሙሱ ላይ ዓይኗን ተከለች። «ስለቱን በእጄ አላስፈርስበትም!»

«ስለቱ ሊገድለው ነው እኮ አንች ሴት!»

ሁለቱም በአንዴ ወደ እኔ ዞሩ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው «አትሰሩት» የተባልኩትን ብቻ ነው። «ሰው እየመጣ ነው፤ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰን ሰው እየመጣ ነው» አልኩ። አንደበቴ ስለዋለለ እኔም ራሴ አላመንኩትም። አጎቴ ጠርሙሱን ወደ አድማሱ ከንፈር ሲያስጠጋ ወንድሜ፣ ያ ራሱን የማያውቅ ሰው፣ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። አረቄው አገጩ ላይ ፈሰሰ። አጎቴ እጁን ሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጠርሙሱ አላነሳም።

መጠበቅ ጀመርን። እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጸልያለች። እኔ ከበር ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር እላለሁ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ባየሁ ቁጥር ሰው ይመስለኛል። አድማሱ አንዴ ይነቃል፤ «ጥጃዋ! ጥጃዋን ያዟት!» ይላል፤ መልሶ ይዝላል። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይጋላል። ጀንበር ከደመናው ጀርባ ወደ ላይ እየወጣች ሄደች፤ የሚመጣ የለም።

ከዚያ በሩቁ አንድ ታንኳ አየሁ። ወደ ሌላ ጉብታ ነው የሚያመራው። ነጠላዬን ፈትቼ እያውለበለብኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ «ወዲህ! ወዲህ!» እያልኩ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ታንኳው ቆመ። ዞረ።

ቀዛፊው ካሳ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምድ የአገራችን ሰው፤ ቤታችንን ግን አያውቅም። ከፊቱ ጋሽ ታከለ ተቀምጠዋል። ታንኳው የታሰረበትን የደንገል ቄጠማ ግራና ቀኝ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የደጋ ሰው ናቸው፤ ዋና አያውቁም። ካሳ «ጉብታ ለጉብታ ስንዞር ነው ያረፈድነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን አልገለጡም» አለኝ። ሲወርዱ ጭቃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። አጎቴ «የውሃ ጠጭዎች አለቃ ውሃ ይፈራል እንዴ?» አለ። በዚያ ጭንቅ መሐል ጋሽ ታከለ ሳቁ። «በብርጭቆ ሲሆን አልፈራውም» አሉት።

ቤት ገብተው አድማሱን አዩት፤ ግንባሩን ዳሰሱ። ከዚያ እናቴ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«እናቴ፣ ይስጡኝ።»

«ጠበል ነው የምወስደው።»

«ጠበሉ አይቀርም፤ እኔም የተጠመቅሁ ነኝ። ግን ለጠበሉም ነፍሱ ትቆይ። እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር። ጉንዳን ሲበላኝ ይታየኝ ነበር፤ ወንድሞቼ አስረውኝ ነበር። እስካሁን እጄ ላይ አለ፤ ይዩት።» እጅጌያቸውን ሰብስበው የገመዱን ጠባሳ አሳዩዋት።

እናቴ ጠባሳውን አየች። ተነስታ መጫኛውን ከአጎቴ እጅ ወሰደችና ወደ ጓዳ ወረወረችው።

«ውሰዱት» አለች። «ብቻ ቢሞት እንኳ ውሃ ላይ አይሙትብኝ። አደራ።»

ታንኳዋ ለአራት ሰው ጠባብ ናት። ካሳ «አትችለንም» አለ። ጋሽ ታከለ ግን «የእሷን ድምፅ ነው የሚያውቀው፤ መምጣት አለባት» አሉ። በዚህ ተስማማን፦ ጥልቅ ባልሆነበት እኔ በእግሬ ታንኳውን ደግፌ ልሄድ፤ ወንዙ ራሱ የሚሄድበት ጥልቁ ላይ ስንደርስ ታንኳዋ ላይ ልወጣ። አድማሱን በጎኑ አስተኛነው። ጋሽ ታከለ ከጀርባው ተቀምጠው በሁለት እጃቸው አቀፉት።

ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። ከእግሬ ሥር የሰመጠው ሩዛችን ይሰማኛል፤ እንደ ጸጉር እግሬ ላይ ይጠመጠማል። አንዳንዴ ጉድጓድ እረግጥና አገጬ ውሃ ይነካል። «አድማሱ፣ እኔ ነኝ፣ እናኑ ነኝ፣ አጠገብህ ነኝ» እላለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ይህንኑ ስደጋግም ነው የሄድኩት። ጋሽ ታከለ በበኩላቸው በጆሮው ያወሩታል። «አሁን ቁልቁለት ነው ወንድሜ። ማርሽ ቀንስ። ፍሬኑን አትርገጥ፤ በማርሽ ያዘው። እንዲህ ነው።» ወንድሜ በሕይወቱ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ ቢሆንም ድምፃቸውን እየሰማ ይረጋ ነበር።

የወንዙ መሄጃ ላይ ስንደርስ ካሳ «ነይ ውጭ!» አለኝ። ወጣሁ። ታንኳዋ ዝቅ አለች፤ ውሃ በደንገሉ መሐል ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ወንዙ ወደ ጎን ይገፋናል፤ ካሳ መቅዘፊያውን እየነከረ ያቃስታል። ያኔ አድማሱ ዓይኑን ገለጠ። ውሃውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ጥጃዋ! እናኑ፣ ጥጃዋ እየሄደች ነው!»

ሊነሳ ሆነ። እግሩን ያዝኩት። ጉልበቱ የጤነኛ ሰው ጉልበት አይደለም፤ ረግጦ ጣለኝ፤ ታንኳዋ ተዘነበለች፤ ካሳ «ያዙት! ልንገለበጥ ነው!» ብሎ ጮኸ። ግማሽ አካሉ ወጥቶ ክንዱ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ጋሽ ታከለ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉት፦

«አድማሱ፣ እኔ ጥጃዋን አላየኋትም። አንተ ግን እንደምታያት አውቃለሁ። እንዳትሄድ። እዚህ የምትፈልግህ እህትህ ናት፤ ወድቃለች። እሷን አንሳት።»

ወደ እኔ ዞረ። እውነትም ወድቄ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየኝ። እጁን ሲዘረጋልኝ እጁ አየር ላይ እንዳለ ደረቀ፤ ሁለተኛው መንፈራገጥ መጣ። ላዩ ላይ ተኛሁ። ጋሽ ታከለ በላዬ ተደፉ። ጥርሱ ሲፋጭ ይሰማኛል፤ ውሃ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ «ውሃ ላይ አይሙትብኝ» ያለችው የእናቴ ድምፅ ራሴ ውስጥ ይጮኻል። ካሳ ምን እንዳደረገ አላየሁም። ቀና ስል የወንዙን መሄጃ አልፈናል፤ ወንድሜ አይንቀሳቀስም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ። የራሴ ልብ እየጮኸ የእሱን አላሰማኝ አለ።

«ይተነፍሳል» አሉ ጋሽ ታከለ። «እጄ ላይ ይተነፍሳል። ቅዘፍ ካሳ!»

ከውሃው ዳር የማኅበሩ ሰዎች ባጃጅ አቁመው ይጠብቁ ነበር። ሁሉም በዚያ የቆርቆሮ ቤት በር ሲገቡ ሲወጡ የማያቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ጃኬቱን አልብሶት፣ ሌላው እግሩን ይዞ ተሸከሙት። ወረታ ሐኪም ቤት ደርሰን መርፌው ሲወጋ፣ ጉሉኮሱ ሲንጠለጠል፣ እኔ ከነጭቃዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ነርሷ «ዛሬን ከዋለ ተስፋ አለው» አለችኝና ገባች። «ዛሬን ከዋለ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ በልቤ እንዳመላለስኩት አልነግራችሁም። በር በተከፈተ ቁጥር ሊያረዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ያለ ስልክ፣ ያለ ወሬ፣ ጉብታዋ ላይ ቆማ ውሃውን ስታይ ትታየኛለች።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ አድማሱ ዓይኑን ገለጠ። አልጮኸም፤ በሬም አልጠራም። ጣራውን አየ፤ ክንዱ ላይ የተሰካውን መርፌ አየ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፦

«እናኑ፣ ስለቴን አፈረስኩ ወይ?»

ጋሽ ታከለ መለሱለት። «አላፈረስክም። ይህ መድኃኒት ነው። ተኛ።» ከዚያ ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አግዳሚውን ግራና ቀኝ ጨብጠዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አመመዎት እንዴ ጋሽ ታከለ?»

«ውሃው ነው እናኑ» አሉ። «ውሃው አሁን ገና ደረሰብኝ።»

አድማሱ ከሕክምናው ሲወጣ ወደ ቆርቆሮው ቤት ገባ። እኔም አብሬው ገባሁ፤ የዚያን ቤት ደፍ የረገጥኩት ያኔ ነው። ጠበሉንም እናቴ አልተወችውም፤ ውሃው ሲጎድል ጣራ ገዳም ወስዳ አስጠመቀችው። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ መጥታ ጠየቀችው፤ ወዲያው ግን አልተመለሰችም። በጥር ሠርግ ላይ ዳግም ጠጣ። ያን ቀን እኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በራሱ እግር መጥቶ የማኅበሩን በር አንኳኳ። ሚስቱ የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ውሸት ትቶ ስላየሁት ነው» ብላኛለች።

እኔ ሩዝ መልቀሙን ትቼ አሁን ከማኅበሩ ጋር ነው የምሠራው። ገጠር ለገጠር እዞራለሁ፤ አብያተ ክርስቲያናት ደጅ እቆማለሁ፤ ካህናቱን አስፈቅጄ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ባለፈው ገበያ ቀን አጎቴ ሞላ ማኅበራችን ድረስ መጣ። ሩዝ ላስፈለፍል ነው የመጣሁት አለ፤ ሩዝ ግን አልያዘም። ሻይ ሲቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ፤ እንዲያም ሆኖ ፈሰሰበት። «አረቄውን ገና አላቆምኩም» አለኝ ወለሉን እያየ። «ሳልነግራችሁ ማቆም ፈርቼ ነው የመጣሁ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው ካለ አንድ ቀን «በቃኝ» ይላችሁ ይሆናል። ደስ ይበላችሁ፤ እልል በሉ። ነገር ግን እልልታውን ሳትጨርሱ ሐኪም ዘንድ ይዛችሁት ሂዱ። ላቡን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣቱን «እየወጣለት ነው» ብላችሁ አትለፉት። እኛ ብለነው ነበር። እኔ እስካሁን ፍልሰታ ሲቃረብ የስልኬን ባትሪ ሳልሞላ አላድርም። ሰው ስለት የሚሳልበት ጊዜ ነው፤ ማን በየትኛው ጉብታ ላይ ጥርሱን ነክሶ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ አላውቅም።

እናቴን ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃታል። «ልጅሽ ዳነልሽ ወይ?» ይሏታል፤ የሚያስደስታትን ነገር እንድትናገር ፈልገው ነው። እሷ ግን መቼም ቢሆን «አዎ ዳነ» ብላ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማሳው አሻግራ ታያለች።

«ዛሬ ጠዋት ሳየው ደህና ነበር» ትላለች።